ዋጋው የት አለ? ለኤስኤምኤስና ለቴሌግራም የሽያጭ መልእክት አጻጻፍ

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ወረቀት ላይ ይህ አያስቸግርም፤ አንባቢው ተቀምጦ እስከ አራት ነጥቡ ይደርሳል። ስልክ ላይ ግን ሰው መልእክቱን የሚያየው ሳይከፍተው ነው። ማሳወቂያው የሚያሳየው የመጀመሪያውን አንድ ሁለት መስመር ብቻ ስለሆነ «ምን ተደረገ?» የሚለው መልስ ከተቆረጠው ጋር ይቀራል። ይህን የመሰለ መልእክት ያልደረሰው የለም፦

«ሰላም ውድ ደንበኞቻችን፣ እንኳን ለአዲሱ የትምህርት ዘመን በሰላም አደረሳችሁ እያልን ድርጅታችን ከተለያዩ አገራት ያስመጣቸውን ጥራት ያላቸውን የልጆች ጫማዎች በተመጣጣኝ ዋጋ ማቅረቡን ስንገልጽ በታላቅ ደስታ ነው።»

ክፍት ቦታውን ጨምረው ቢቆጥሩ 70ኛው ፊደል «አገራት» የሚለውን ቃል እንኳ አያስጨርስም። ጫማ የሚባል ነገር ገና አልተነሳም። ያው ማስታወቂያ እንዲህ ይጻፋል፦

«የልጆች የትምህርት ቤት ጫማ፣ ቁ. 28-35፣ 1,450 ብር። እስከ ቅዳሜ ማታ። 22 ማዞሪያ።»

ግስ የለበትም፣ አልጎደለበትምም። ዕቃው፣ ለማን እንደሚሆን፣ ዋጋው፣ እስከ መቼ፣ የት፤ በዚህ ቅደም ተከተል። ሰላምታ መተው የሚከብደው ነጋዴ አለ፣ ልክም ነው፣ ነገር ግን ሰላምታው ከታች ቢመጣ ማንም አይቀየምም። የበዓል ምኞት ከሆነ ደግሞ ለብቻው ይላክ፣ የሚሸጥ ነገር ሳይነካካው። «መልካም በዓል» ብሎ ወዲያው ዋጋ የሚጠራ መልእክት ምኞቱንም ሽያጩንም ያረክሳል።

70 የሚለው ቁጥር ዝም ብሎ አልመጣም። በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ ኤስኤምኤስ 160 ፊደል ይይዛል። አንድም የግእዝ ፊደል ከገባበት ግን መልእክቱ በሙሉ ዩኒኮድ በሚባለው፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ሰፋ ያለ ቦታ በሚወስደው አሠራር ስለሚላክ አቅሙ ወደ 70 ይወርዳል። ከ70 ካለፈ ይከፈላል፤ ክፍሎቹን መልሶ የሚያገናኘው የተደበቀ ማያያዣ ቦታ ስለሚወስድ እያንዳንዱ ክፍል 67 ብቻ ይይዛል። ስለዚህ 71 ፊደል ጽፈው ለ1,000 ደንበኛ ቢልኩ ሂሳቡ የ2,000 መልእክት ነው። ክፍት ቦታ፣ ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥብ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ይቆጠራሉ፤ አብዛኛው ኢሞጂ ሁለት ይበላል። ከላይ ያለው የጫማ መልእክት 59 ነው፤ አንድ ክፍት ቦታና በ09 የሚጀምር 10 አሃዝ ስልክ ሲጨመርበት ልክ 70 ይሞላል። አማርኛውን በላቲን ፊደል ጽፈው 160ውን ለመጠቀም የሚሞክሩ አሉ። ወጪ ይቆጥባል፣ ግን ለማንበብ ያደክማል፤ በተለይ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ደንበኞች ላይ አንመክረውም።

ቴሌግራም ሰፊ ስለሆነ ያዘናጋል። ከፎቶ ሥር የሚጻፈው እስከ 1,024 ፊደል ይፈቀዳል፣ በአንድ ልጥፍም እስከ 10 ፎቶ ይገባል። ይህን ሁሉ መሙላት ግዴታ አይደለም፤ አንድ ልጥፍ አንድ ዕቃ ይያዝ። ሦስት ዓይነት ቦርሳ በአንድ ላይ ከለጠፉ «የቱ ነው 2,300 የሆነው?» የሚል ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ሲመልሱ ይውላሉ። ዋጋውን ፎቶው ላይ ብቻ አትሞ መተውም ሌላው ስህተት ነው። ዳታ ለመቆጠብ ፎቶ በራሱ እንዳይወርድ ያደረገ ሰው የሚያየው የደበዘዘ ምስል ነው፤ በፍለጋም አይገኝም። ቪዲዮም ሲጀምር ድምፅ የለውም፣ ስለዚህ በአፍ የተነገረው ዋጋ በጽሑፍም ይኑር። መስመሩን በእሳትና በቀስት ኢሞጂ መጀመር ደግሞ ያችኑ የምትታየውን ቦታ በነጻ መስጠት ነው።

«ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ልማድ በተመለከተ፦ ጠያቂው ጽፎ፣ ጠብቆ፣ መልስ እስኪያገኝ ሌላ ቻናል ውስጥ ገብቷል። ሻጮች ዋጋ የሚደብቁበት ምክንያት ይገባናል። ተፎካካሪ ያያል፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ሳይታሰብ ይቀየራል። መፍትሔው መደበቅ ሳይሆን ቀን መቁረጥ ነው፦ «ይህ ዋጋ እስከ ዓርብ ማታ»። በልክ ለሚሰፋ የሐበሻ ቀሚስ «ከዚህ ብር ጀምሮ» ይበሉ፣ ቀጥለውም ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው ጥልፉ ይሁን ጨርቁ ይግለጹ።

ለውጭ አገር ወገን የሚሸጡ ከሆነ ሰዓት ላይ ይጠንቀቁ። «ምሽት 2 ሰዓት» ብቻውን ያሳስታል። «በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2፣ በዋሽንግተን ከቀኑ 1 ሰዓት» ብለው በየአገሩ አቆጣጠር ይጻፉ። ይህ ለበጋቸው ነው፤ በክረምታቸው ልዩነቱ ከ7 ወደ 8 ሰዓት ስለሚሰፋ እዚያ ቀትር ይሆናል። ስልኩም +251 ከቀደመው 0ው ይወጣል፤ ሁለቱን አንድ ላይ የጻፈ ሰው ውጭ ያለው ደንበኛ አይደርሰውም።

ፊደል መምረጥም የሽያጭ ጉዳይ ነው። «ፀጉር» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ጸጉር» ብለው የለጠፉትን ላያገኝ ይችላል፤ ሐ፣ ሀ፣ ሠ እና ሰም እንደዚሁ። በጽሑፉ አንዱን ይያዙ፣ ሌላውን ከታች በሃሽታግ ያስገቡ። ሃሽታግ በክፍት ቦታ ስለሚቋረጥ ሁለት ቃል ሲሆን ከታች ሰረዝ ያያይዙት፦ #የጸጉር_ቅባት።

ዕቃው ሲያልቅ ልጥፉን አያጥፉት፤ አርመው የመጀመሪያው መስመር ላይ «ተሽጧል» ይበሉ፣ አዲስ ገቢ ሰው ቻናሉ እንደሚሠራ ያያል። ዋጋ ቀንሰው ከሆነ ግን ማረም አይበቃም፤ እርማት ለማንም ማሳወቂያ አይልክም፣ አዲስ ልጥፍ ያስፈልጋል። ማታ ዘግይተው የሚለጥፉ ከሆነ የመላኪያውን ምልክት ተጭነው ይቆዩ፤ ያለ ድምፅ መላክና ለጠዋት ማዘዝ እዚያው ይገኛሉ። ድምፅ አብዝቶ ያስቸገረ ቻናል መጀመሪያ ድምፁ ይዘጋል፣ ቀጥሎ ይለቀቃል።

ከመለጠፍዎ በፊት መልእክቱን «የተቀመጡ መልእክቶች» ወደሚለው የራስዎ ሳጥን ይላኩና ሳይከፍቱት ከዝርዝሩ ላይ ያንብቡት። ዕቃውና ዋጋው እዚያ ካልታዩ መስመሩን ይቀያይሩት።