ሰፈራችሁ ካሜራ ሲተከል፣ አገልግሎት ዲጂታል ሲሆን እንዴት መጠየቅ ይቻላል?

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ አካባቢ ካሜራ ሊተከል ነው ተባለ እንበል። ወይም አንድ መሥሪያ ቤት «ከዛሬ ጀምሮ በስልክ ካልሆነ አናስተናግድም» አለ። ድሬ ላይ ወሬው ከሰዓት በኋላ በየበርጫው ይነሳል፣ ሁሉም ያጉረመርማል፣ ማታ ላይ ይረሳል። አቦ፣ እንዲህ መቅረት የለበትም! ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወታችንን ይጠብቃል። እነዚህን መብቶች ሥራ ላይ የሚያውላቸው ግን ቀን ያለው፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው።

መጀመሪያ ጥያቄውን አጥብቡት። «ቴክኖሎጂው ያሰጋናል» ብላችሁ ብትጽፉ ማንም መልስ አይሰጣችሁም። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ ካሜራው እንዲተከል የወሰነው ማን ነው? ለምን ዓላማ? ምስሉ ስንት ቀን ይቀመጣል? ማን ያየዋል? ለሌላ መሥሪያ ቤት ወይም ለግል ድርጅት ይሰጣል? ስህተት ሲፈጠር አቤት የሚባለው የት ነው? መታወቂያን በተመለከተ ከሆነ አንድ ጨምሩ፣ እኔ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ለፋይዳ፣ ማለትም ለብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ፣ ሲመዘገቡ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ ይወሰዳል። ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲፈልጥ ወይም ጆንያ ሲሸከም የኖረ ሰው ጣቱ ሻክሮ አሻራው አልነበብ ሊል ይችላል። ስማርት ስልክ የሌላቸው እናቶችም አሉ። ታዲያ እነዚህ ሰዎች በሌላ መንገድ ይስተናገዳሉ ወይስ ከበር ይመለሳሉ? ይህን በጽሑፍ ጠይቁ።

ቀጥሎ ሰው አሰባስቡ። እድሩ፣ አፎሻው (የሐረሪዎች የመረዳጃ ማኅበር)፣ የሴቶች የቡና ሰዓት፣ ሁሉም ይሆናል። ሐረር ጁገል ውስጥ ያላችሁ በተለይ አፎሻው ትልቅ አቅም ነው። ፊርማ ስታሰባስቡ ስምና ፊርማ ይበቃል። የመታወቂያ ቁጥር፣ ስልክ፣ የቤት ቁጥር አትጻፉ፤ ዝርዝሩንም ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ አትልቀቁት። የሰው መረጃ ይጠበቅ እያልን እኛው መበተን የለብንም።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። ለኃላፊው ጻፉና «ጉዳዩ፦ መረጃ ስለመጠየቅ» በሉ። በ2000 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 590ን ጥቀሱ፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እዚያ ላይ አለ። የግል መረጃን የሚመለከት ከሆነ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ጨምሩ። በዚህ አዋጅ አንድ ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ ማየት፣ የተሳሳተውን ማስተካከል ይችላል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከሕግ ጥቅሱ በታች ጥያቄዎቻችሁን ቁጥር እየሰጣችሁ ደርድሩ። ስድብና ምሬት አታስገቡ፣ ተናድዳችሁም ቢሆን።

ደብዳቤውን ሁለት ቅጂ አድርጉና ሙቀቱ ሳይበረታ ጠዋት ሂዱ። ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መውጣት አይሠራም፤ መዝገብ ቤት ግቡ። በእጃችሁ የሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይደረግበት። «ነገ ተመለሱ» ቢሏችሁ ነገም ሂዱ፣ ያለ ማኅተም ግን ቅጂውን ይዛችሁ አትውጡ። ብዙ ጥሩ ጥያቄ የሚሞተው እዚህ ጋ ነው፣ ከወር በኋላ «ደብዳቤ አልደረሰንም» ሲባል የሚያሳዩት ነገር ስለማይኖር።

አሁን 30 ቀን ቁጠሩ፤ አዋጅ ቁጥር 590 ለመልስ የሰጠው ጊዜ ነው። የተከለከለ ነገር ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። አንዳንዱ መረጃ፣ ለምሳሌ የሌላ ሰው የግል ጉዳይ ወይም ጸጥታን የሚነካ፣ ላይሰጥ ይችላል። ምስል ስንት ቀን ይቀመጣል የሚለው ግን ምስጢር ነው ቢሏችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። መልስ ከጠፋ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤቱታ አስገቡ። እዚያም ካልተፈታ የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ፣ ድሬዳዋ ላይ ቅርንጫፍ አለው። ባለማኅተሟ ቅጂ የምትጠቅመው እዚህ ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን የሕዝብ ስብሰባ ከተጠራ እንዳትቀሩ። እጅ አውጥታችሁ ጥያቄውን ካነበባችሁ በኋላ «ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝልን» በሉ። ለከተማው ምክር ቤት፣ ሐረር ከሆናችሁ ለክልሉ ምክር ቤት አባሎችም አንድ ቅጂ ስጡ፤ የመረጣችኋቸው ለዚህ ነው።

መልሱ ሲመጣ ለፈረሙት ሁሉ አንብቡላቸው፣ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛና በሶማልኛም። ያልተመለሰውን ጥያቄ አስምሩበትና የሚቀጥለውን ደብዳቤ ከእሱ ጀምሩ።