መኪናው ቀጥ ብሎ አልሄድ ሲል፦ ከአላይመንት በፊት የሚታዩ ነገሮች

ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማበር ያለው ሜዳ የመሪን በሽታ ቶሎ ያጋልጣል። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሾፌሩ ግን መሪውን ግራ ቀኝ ሲል ይውላል። አብዛኛው ሰው ወዲያው «አላይመንት ይሠራልኝ» ይላል። አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል፣ መጨረሻ ነው። ቴስቲኒው (የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ) ባለቀ መኪና ላይ ከተሠራ ገንዘብ መጣል ነው።

መኪናው ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚስብ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ፍሬን ሲረገጥ ብቻ ከሳበ ፍሬኑን አሳዩ። ሁልጊዜ ከሳበ ሁለቱን የፊት ጎማዎች አቀያይሩ፤ የሚስብበት ጎን ከተቀየረ ጥፋቱ የጎማው ነው። ከዚህ በታች ያለው ወዲህም ወዲያም ለሚዋልለው ነው።

ነፋስ ሲኖር ብቻ ይዋልላል

እዚያ ሜዳ ላይ የጎን ነፋስ ሚኒባስን ይገፋል። ፍጥነት ቀንሱ፣ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ሲጫን ብቻ ይዋልላል

ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ወደ ደብረ ሲና የሚወጣ መኪና ላይ ይታያል። ክብደቱ ከኋላ ጎማ አልፎ ካረፈ የፊቱ ይቀላል፣ ዳገቱ ደግሞ ያባብሰዋል። ጭነቱን ወደ ፊት ግፉት። ፖርቶመጋላ ላይ ያለውንም ቀንሱ።

ባዶውንም፣ ነፋስ ሳይኖርም ይዋልላል

ከጎማ ጀምሩ። አየሩ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ልኩ አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር በኩል ተለጥፏል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ግን ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው፤ ጎሚስታው እሱን አይቶ እንዳይነፋላችሁ። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ጎማው ሞቆ ልኩ ቢጨምር አታስተንፍሱ። በማግስቱ በደብረ ብርሃን ብርድ ጎድሎ ታገኙታላችሁ።

አየሩ ልክ ከሆነ ጨዋታ፣ ማለትም የላላ መጋጠሚያ፣ ፈልጉ። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ ሞተሩ ይጥፋ፣ የመሪው ቁልፍ ግን ይከፈት። አንዱ መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ ያድርግ። ሌላው ከስር ገብቶ ቴስቲኒውን በመዳፉ ይጨብጥ። ዓይን ያላየውን እጅ ያገኘዋል፤ ያለቀ ቴስቲኒ መዳፍ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ይላል። ዘንጉ ተንቀሳቅሶ ጎማው ዝም ካለ ጥፋቱ መሃል ላይ ነው፤ ይቀየር።

ቀጥሎ ክሪክ አስገብታችሁ አንሱት፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም፣ ደገፍ አድርጉለት። ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ነቅንቁ። ከተጫወተ የመሪው መጋጠሚያዎች ናቸው። ከላይና ከታች ስትነቀንቁ ከተጫወተ ደግሞ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት) ወይም ቦል ጆይንት (ኳስ መሰሉ መጋጠሚያ) ነው። ለመለየት ፍሬን ይረገጥ። ጨዋታው ከጠፋ ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱን ተመልከቱ።

አይሱዙና መሰሎቹ ላይ ባሌስትራውን (አክስሉን የሚይዘውን ተደራራቢ የብረት ምንጭ) አትለፉት። ማሰሪያው ዩ ቦልት ከላላ አክስሉ ራሱ ቦታውን ይለቅና መኪናውን እንደፈለገ ይመራዋል። ያጠበቀ መካኒክ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ደግሞ ቢያየው ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ግን እምቢ በሉ። አንዳንዱ የመሪውን ሳጥን ማስተካከያ ብሎን ጠበቅ አድርጎ «አለቀ» ይላል። ጨዋታው የቴስቲኒ ከሆነ ብሎኑ አይፈውሰውም። ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ መሪው ከጥምዝ በኋላ በራሱ አይመለስም። ያ ከጣርማበር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ ምን ማለት እንደሆነ መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ አላይመንት ይሠራ። የፊት ጎማዎች አፍንጫቸው ወደ ውጭ ከዞረ መኪናው ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ አብዛኛው የኋላ ጎማ የሚነዳው መኪና በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይፈልጋል። የጎማውን ውስጠኛ ጠርዝ በእጃችሁ ዳስሱት። ከውጩ ቀድሞ ከተበላ ፍንጩ እሱ ነው። ሠራተኛው ሲጨርስ ከመሥራቱ በፊትና በኋላ የተለካውን ቁጥር አሳየኝ በሉት።