ርካሽ ካታሊስት ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ሃይድሮጅንና ኦክስጅንን አገናኝቶ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ፊውል ሴል ውድ ካደረጉት ነገሮች አንዱ በካታሊስትነት፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጡን በማፋጠን፣ የሚያገለግለው ፕላቲነም ነው። በእሱ ፋንታ ብዙዎች የሚሞክሩት ብረት፣ ናይትሮጅንና ካርበን በከፍተኛ ሙቀት ተጋግረው የሚሠሩትን ካታሊስት ነው። ጥሬ ዕቃው ርካሽ ነው፤ ጣጣው ግን አያልቅም።

ምልክት፦ ካታሊስቱ በተፈተነ ቁጥር እየተሻሻለ ይሄዳል።

ለመደሰት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ካውንተር ኤሌክትሮዳችሁን፣ ማለትም ካታሊስቱ ከተቀባበት ኤሌክትሮድ ጋር ሆኖ የኤሌክትሪክ ዑደቱን የሚዘጋውን፣ እዩ። የፕላቲነም ሽቦ ከሆነ ጉዱ እዚያ ሊሆን ይችላል። ሽቦው አሲድ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ይሟሟል። የሟሟው ደግሞ ሄዶ ካታሊስታችሁ ላይ ያርፋል። ርካሽ ያላችሁት ነገር ሳታውቁት ፕላቲነም ለብሷል ማለት ነው! ሽቦውን በግራፋይት ዘንግ ቀይሩ፤ የመስታወት ዕቃውን በአሲድ እጠቡ፤ በአዲስ ናሙና እንደገና ለኩ። መሻሻሉ ከጠፋ መልሱን አገኛችሁ።

ምልክት፦ በደቂቃ 1600 ዙር በሚሽከረከር ኤሌክትሮድ ላይ ከፍተኛው የኤሌክትሪክ ፍሰት ከሚጠበቀው ያንሳል።

ኦክስጅን በጠገበ 0.1 ሞላር ፐርክሎሪክ አሲድ ውስጥ በካሬ ሴንቲሜትር ወደ 6 ሚሊአምፔር መጠጋት አለበት። ኤሌክትሮዱ ላይ ያለውን የካታሊስት ቅብ እዩት። ጠርዙ ጠቁሮ መሐሉ ከሳሳ ጥፋቱ የአደራረቁ ነው፤ ኤሌክትሮዱን ቀስ ብላችሁ እያሽከረከራችሁ አድርቁት። ቅቡ እኩል ሆኖም ካነሰ፣ ኦክስጅኑ ውኃ በመሆን ፋንታ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እየሆነ ይሆናል። ይህ፣ በዙሪያው ፐርኦክሳይዱን የሚይዝ ቀለበት ባለው ኤሌክትሮድ ይለያል። ቅቡን ማወፈር ፐርኦክሳይዱን ይደብቀዋል፤ እኔ በስስ ቅብ ያልተለካ ቁጥር አላምንም።

ምልክት፦ ላብራቶሪ ላይ ጎበዝ የነበረው ሴሉ ውስጥ ሲገባ ይደክማል።

ሴሉን አንዴ በንጹህ ኦክስጅን፣ አንዴ በአየር አሠሩት። ልዩነቱ ከመጠን በላይ ከሰፋ ኦክስጅኑ መንገድ አጥቷል። የዚህ ካታሊስት ንብርብር እስከ 100 ማይክሮሜትር ይወፍራል፤ የፕላቲነሙ 10 ገደማ ነው። ቀዳዳዎቹ ውኃ ሲሞሉ አየር አያልፍም። የናፊዮኑን (ፕሮቶን የሚያሳልፈውን ፕላስቲክ ማያያዣ) መጠን ማስተካከልና ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለው ካርበን መምረጥ ይረዳል።

በኦክስጅንም እየወረደ ከሄደ በደንብ ያልተያዘውን ብረት ጠርጥሩ። ብረቱ ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ካርበኑንም ሜምብሬኑንም (የሴሉን ሁለት ወገን የሚለየውን ስስ ሽፋን) የሚበሉ ራዲካሎች፣ ማለትም ካገኙት ነገር ጋር ሁሉ በፍጥነት የሚዋሃዱ ቅንጣቶች፣ ይፈጠራሉ። ዱቄቱን በ0.5 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ በ80 ዲግሪ ለሰዓታት እጠቡና በናይትሮጅን ውስጥ መልሳችሁ ጋግሩት። ከዚያ በኋላም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መውረድ የተለመደ ነው። ስለዚህ ስታወዳድሩ ሴሉ ከተረጋጋ በኋላ ያለውን ቁጥር ያዙ።