የጣናን እምቦጭ በነጻ የሳተላይት ምስል እንዴት እንለካ?

እምቦጭ ጣና ሐይቅ ላይ መታየቱ የታወቀው በ2011 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ የሐይቁ ዳር ነዋሪ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል፤ ማሽንም ገብቶለታል። ሥራውን ከሚያከብዱት ነገሮች አንዱ አረሙ ዛሬ የት፣ በስንት ሄክታር ላይ እንዳለ በትክክል አለመታወቁ ነው። 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሐይቅ በጀልባ ዞሮ መለካት ሳምንታት ይፈጃል። እምቦጭ ደግሞ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ነፋስም ከዳር ዳር ይነዳዋል። በሳተላይት ምስል ግን አንድ ሰው፣ አንድ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ይዞ፣ ልኬቱን በግማሽ ቀን መጨረስ ይችላል።

ምስሉን መምረጥ

የሚያስፈልገው ሴንቲኔል-2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች የሚያነሱት ምስል ነው። በኢሜይል ተመዝግቦ ኮፐርኒከስ ብራውዘር ከተባለው ድረ ገጽ በነጻ ይወርዳል። ሳተላይቶቹ በየ5 ቀኑ ያልፋሉ፤ አንዱ ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) መሬት ላይ 10 በ10 ሜትር ነው፤ ስለዚህ 100 ፒክስል 1 ሄክታር ይሆናል። «ደረጃ 2ኤ» የሚባለውን ምረጡ፤ የከባቢ አየሩ ጭጋግ ተስተካክሎለት የመጣው እሱ ነው። ምስሉ በብርሃኑ ዓይነት «ባንድ» በሚባሉ ፋይሎች ተከፍሎ ይመጣል፤ ከውስጡ ባንድ 3 (አረንጓዴ)፣ ባንድ 4 (ቀይ)፣ ባንድ 8 (ቅርብ ኢንፍራሬድ) እና ደመናና ጥላን ለይቶ የሚያሳየውን የምድብ ፋይል ውሰዱ።

የደመና መቶኛውን ብቻ አይታችሁ ምስል አትጣሉ። ቁጥሩ የሚሰላው ለመላው የምስል ንጣፍ ነው። ደመናው ተራራው ላይ ተከምሮ ሐይቁ ጥርት ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩ። ምቹው ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው።

ሰዓቱን ልብ በሉ። በፋይሉ ስም ላይ ከቀኑ ቀጥሎ 0750 የሚል ካያችሁ፣ እሱ የግሪንዊች ሰዓት ነው። 3 ሰዓት ስትደምሩበት 10፡50፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4፡50 ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ አረሙን ከገፋው፣ ካርታውን ይዞ የሚሄደው ቡድን ሌላ ቦታ ያገኘዋል። በካርታው ላይ ቀኑ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው።

ስሌቱ

ኪውጂአይኤስ የተባለውን የካርታ ሶፍትዌር ክፈቱ፤ ባንዶቹን አስገብታችሁ በራስተር ካልኩሌተር ኤንዲቪአይ የሚባለውን የለምለምነት መለኪያ አስሉ፦

ኤንዲቪአይ = (ባንድ 8 − ባንድ 4) ÷ (ባንድ 8 + ባንድ 4)

ለምለም ቅጠል ቀይ ብርሃንን ይመጥጣል፣ ቅርብ ኢንፍራሬድን ይመልሳል፤ ውሃ ደግሞ ኢንፍራሬዱን ይውጠዋል። ስለዚህ ክፍት ውሃ ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች፣ ጥቅጥቅ ያለ እምቦጭ ከ0.6 በላይ ይሰጣል። ለመጀመር 0.3ን መለያ አድርጉት፤ ከዚያ በላይ ያለው ፒክስል እምቦጭ ተብሎ ይቆጠራል። ወደ 0.1 ካወረዳችሁት ውሃ ላይ የተንሳፈፈ አልጌ አብሮ ሊቆጠር ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከጃንዋሪ 25 ቀን 2022 ወዲህ በተዘጋጁ የሴንቲኔል-2 ፋይሎች በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ 1000 ተደምሮ ነው የሚመጣው። ፋይሉን አውርዳችሁ ራሳችሁ የምታሰሉ ከሆነ ከሁለቱም ባንዶች ላይ 1000 መቀነስ ግዴታ ነው። ባንድ 4 ላይ 1300፣ ባንድ 8 ላይ 4000 የሚል ፒክስል እንውሰድ። ሳይቀነስ ውጤቱ 2700 ÷ 5300 = 0.51 ነው፤ ሲቀነስ 2700 ÷ 3300 = 0.82። ይህን የዘለለ ሰው በ2021 የተዘጋጀን ፋይል ከ2023 ጋር ሲያነጻጽር፣ ሐይቁ ላይ ምንም ሳይለወጥ እምቦጩ የቀነሰ ይመስለዋል። በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የነቃዮች በጀት ቢቆረጥ ጉዳቱ ከባድ ነው።

ከስሌቱ በፊት ደመናና ጥላ አውጡ። በምድብ ፋይሉ ውስጥ 3 የደመና ጥላ፣ 8 እና 9 ደመና፣ 10 ስስ ደመና ናቸው። ፋይሉ የ20 ሜትር ስለሆነ ወደ 10 ሜትር ቀይሩት።

የሐይቁ ወሰን

ዳር ያለው የሩዝ ማሳ፣ ሣሩና ዛፉም አረንጓዴ ነው። ሐይቁን ከየብስ የሚለይ ወሰን ካልተሠራ እነሱም እምቦጭ ተብለው ይቆጠራሉ። የተለመደው የውሃ መለያ (ባንድ 3 − ባንድ 8) ÷ (ባንድ 3 + ባንድ 8) ሲሆን፣ ከዜሮ በላይ የሆነው ውሃ ነው። ነገር ግን ወሰኑን በዚያው ቀን ምስል ከሠራችሁት፣ በአረም የተሸፈነው ውሃ «የብስ» ተብሎ ይወጣና የምትፈልጉት ነገር ራሱ ከካርታው ይጠፋል። የሚሻለው እምቦጭ ከመግባቱ በፊት የተነሳ ምስል መጠቀም ነው። ከ2000 እስከ 2002 ባሉት ዓመታት በጥቅምትና ኅዳር፣ ሐይቁ ሞልቶ ሳለ ላንድሳት 7 በተባለው የአሜሪካ ሳተላይት የተነሱ ምስሎችን ፈልጉ። ፒክስላቸው 30 ሜትር ቢሆንም ለወሰን ይበቃል። ከግንቦት 2003 በኋላ ያሉት የላንድሳት 7 ምስሎች በመሣሪያ ብልሽት ምክንያት ባዶ መስመሮች ስላሉባቸው ተዋቸው።

ውሃው እየሸሸ ሲሄድ በደንቢያና በፎገራ በኩል ገበሬው የሚዘራበት የባሕር ሸሽ መሬት ወሰኑ ውስጥ ይገባል። በዚያ ወቅት ወሰኑን በወቅቱ የውሃ ዳርቻ ልክ በእጅ ማጥበብ ያስፈልጋል።

ደንገል ሌላው ፈተና ነው። በአንድ ቀን ምስል ከእምቦጭ መለየቱ አስቸጋሪ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር 5 ወይም 6 ምስል ደርድሩ፤ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ውሃ የሚሆነው ተንሳፋፊ አረም ነው። በሁሉም ምስሎች አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው ደንገል ወይም ዳር ላይ የተጣበቀ እምቦጭ ነው፤ ይህን የሚለየው ቦታው ላይ የተገኘ ሰው ብቻ ነው። ደንገል የታንኳ ሠሪው መተዳደሪያና የዓሣ መራቢያ ስለሆነ፣ ተሳስቶ በ«ይነቀል» ዝርዝር ውስጥ መግባት የለበትም።

በጀልባ ማረጋገጥ

ሳተላይቱ በሚያልፍበት ቀን ውጡ። ቢያንስ 30 ነጥብ እምቦጭ ላይ፣ 30 ደግሞ ደንገል፣ ሣርና ክፍት ውሃ ላይ ያዙ። ነጥብ የሚያዝበት አረም ከ30 በ30 ሜትር ማነስ የለበትም፤ ያለበለዚያ ፒክስሉ ከጎኑ ካለው ውሃ ጋር ይቀላቀላል። የጂፒኤሱን የመጋጠሚያ ሥርዓት ደብሊውጂኤስ 84፣ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ላይ አድርጉ። የቆዩ የኢትዮጵያ የመልክዓ ምድር ካርታዎች አዲንዳን በሚባል መነሻ ስለተሠሩ፣ መጋጠሚያው ሳይቀየር ከተወሰደ 200 ሜትር ገደማ ይስታል።

ነጥቦቹ ከካርታው ጋር ካልገጠሙ መለያ ቁጥሩን አስተካክሉ። አንዴ ከጸደቀ በኋላ ግን ለየወሩ አትለዋውጡት። ቁጥሩ ከተለወጠ የቆዩትንም ምስሎች እንደ አዲስ አስሉ።

ለነቃዮቹ ሲላክ የቀበሌው ስም፣ የሄክታሩ መጠን፣ የመሐል መጋጠሚያውና ምስሉ የተነሳበት ሰዓት በአንድ የቴሌግራም መልእክት ይበቃል። ከምስሉ መነሳት ሦስት ቀን ካለፈ ካርታው ለሪፖርት እንጂ ለስምሪት አይሆንም።

በክረምት ደመናው ሲዘጋ ሴንቲኔል-1 የተባለው የራዳር ሳተላይት ይረዳል፤ ደመናን አልፎ ያያል። የረጋ ውሃ ጥቁር፣ አረም ደመቅ ብሎ ይታያል። ነፋስ ውሃውን ካናወጠው ግን ባዶውም ውሃ ስለሚደምቅ፣ ሞገድ ብዙም የማያደምቀውን «ቪኤች» የተባለውን ምስል ምረጡ፤ ከሁለት ተከታታይ ምስሎች ሳታመሳክሩም ሄክታር አትጻፉ።