«ማክቤዝ»ን ለዛሬ ተመልካች ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዊልያም ሼክስፒር አንድ የስኮትላንድ የጦር አለቃ ንጉሡን ገድሎ የሚነግሥበትን «ማክቤዝ» የተባለ ተውኔት የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1606 ገደማ ነው። የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝን አልጋ ከወረሰ ሦስት ዓመት ያህል ሆኖታል፤ ፓርላማውን ከነንጉሡ በባሩድ ለማጋየት የተጠነሰሰው ሤራም በኖቬምበር 1605 ከከሸፈ ገና ብዙ አልቆየም። ስለዚህ ንጉሥ በእንግድነት ባደረበት ቤት መገደሉ ለዚያ ዘመን ተመልካች የሩቅ ተረት አልነበረም። ይህን ቅርበት ለዛሬ ተመልካች ለመመለስ የሚተጋ አዘጋጅ፣ ትጋቱ ራሱ ወደ ስህተት ሲመራው በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ስህተቶቹ በመልክ ቢለያዩም ማክቤዝን ከተመልካቹ በማራቅ ይገናኛሉ። የተውኔቱ ኃይል ግን ነፍሰ ገዳዩን ሐሳቡ ከተፀነሰበት ሰዓት ጀምሮ ከውስጥ ሆነን እንድንከተለው ማድረጉ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ማክቤዝን ገና ሲገባ ክፉ አድርጎ ማቅረብ ነው። ጥቁር ካባ፣ የተኮሳተረ ፊትና የሚያስፈራ ሙዚቃ ከተደራረቡ ተመልካቹ በመጀመሪያው ገቢር ፍርዱን ሰጥቶ ይጨርሳል። ጽሑፉ ግን ከማክቤዝ አስቀድሞ ወደ መድረክ የሚያመጣው የጀግንነቱን ዝና ነው። በመጀመሪያው ገቢር ሰባተኛ ትዕይንት፣ ንጉሥ ዳንካን ራት ላይ ሳለ ማክቤዝ ከግብሩ ተነጥሎ ወጥቶ፣ ንጉሡን ላለመግደል ያሉትን ምክንያቶች ለራሱ ይቆጥራል፦ ዘመዱ ነው፣ ጌታው ነው፣ በዚያ ላይ እንግዳው ስለሆነ በሩን በገዳይ ላይ መዝጋት ሲገባው ራሱ ጩቤ ሊያነሣበት አይገባም። ሚስቱ ስትመጣም በነገሩ ከዚህ በላይ እንደማይገፉበት ይነግራታል። ተዋናዩ ይህን ውሳኔ ከምሩ መወሰን አለበት። ታሪኩን አስቀድሞ የሚያውቅ ተመልካች እንኳ ለአንድ አፍታ «ተወው ማለት ነው?» ብሎ ተስፋ ካላደረገ፣ ኋላ የሚመጣው ውድቀት አያመውም።

ጥፋቱን በጠንቋዮቹና በሚስቱ ላይ መጣልም ከዚሁ የሚወለድ ስህተት ነው። ጠንቋዮቹ ትነግሣለህ አሉት እንጂ ግደል አላሉትም። የጦር ባልደረባው ባንኮ እዚያው አብሮት ቆሞ ትንቢቱን ሰምቷል፤ ዘሮቹ እንደሚነግሡም ተነግሮታል፤ እጁን ግን በደም አልነከረም። ጭሱና ብልጭታው በበዛ ቁጥር ይህ ልዩነት እየደበዘዘ ይሄዳል። ሄካቴ የምትባለው የጠንቋዮች አለቃ የምትታይባቸውን ክፍሎች ብዙ ምሁራን የሌላ ጸሐፌ ተውኔት፣ የቶማስ ሚድልተን፣ ጭማሪ አድርገው ስለሚቆጥሯቸው፣ እነዚህን ያለ ስጋት ማውጣት ይቻላል። እመቤት ማክቤዝም አውሬ አይደለችም፤ ዳንካን ተኝቶ ሳለ አባቷን ባይመስላት ኖሮ ራሷ ትፈጽመው እንደነበር የምትናገር ሴት ናት። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ተዋናይቷ በችኮላ ካሳለፈቻት፣ በአምስተኛው ገቢር በእንቅልፍ ልቧ እየተራመደች የሌለ ደም ከእጇ ለማጠብ ስትታገል ተመልካቹ ሥሩ ከየት እንደሆነ አያውቅም።

ስለ ደምና ጩኸት ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1980 ለንደን በሚገኘው ኦልድ ቪክ ቴአትር ፒተር ኦቱል ማክቤዝን ሲጫወት በደም ተጨማልቆ ሲገባ ተመልካቹ ስቋል። ሼክስፒር የዳንካንን ግድያ ከመድረክ ውጭ ያደረገው ለዚህ ይመስለኛል። እኛ የምናየው በጨለማ ውስጥ የሚንሾካሾኩ ባልና ሚስት ነው። ማክቤዝ ፈጸምሁት ይላታል፤ ድምፅ ሰምታ እንደሆነም ይጠይቃታል። የጉጉት ጩኸት እንደሰማች ነግራው፣ «አንተስ አልተናገርህም?» ትለዋለች። «መቼ?» «አሁን።» «ስወርድ?» «አዎ።» ከእነዚህ ቁርጥራጭ ቃላት መካከል ሙዚቃ ማስገባት ትዕይንቱን መግደል ነው። ጥፋቱ በንጉሡ ጠባቂዎች እንዲላከክ በአጠገባቸው መተው የነበረባቸው ጩቤዎች እስካሁን በእጁ ናቸው፤ እርሷ ይህን የምታስተውለው ከብዙ ንግግር በኋላ ነው። በአንድ ልምምድ ላይ መብራቱን አጥፍተን ተዋንያኑ ይህን ክፍል በሹክሹክታ ብቻ እንዲሉት አደረግን፤ ከዚያ በኋላ ሙዚቃ ይጨመር ያለ ሰው አልነበረም። ቀጥሎ በሩ ይንኳኳል፤ ከዚያ የበለጠ የሚያስደነግጥ ድምፅ አያስፈልግም።

በአማርኛ ለሚያዘጋጅ ሰው ደግሞ ቋንቋው ራሱ ያቀረበለት ሲሳይ አለ። ዳንካን የተገደለው በተኛበት አልጋ ላይ ነው፤ ማክቤዝ የወረሰውም አልጋውን ነው። የመኝታውንና የዙፋኑን ስም አንድ ያደረገ ቋንቋ ይዞ ይህን አለመጠቀም ያስቆጫል። የአክብሮት አጠራሩም እንዲሁ ነው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ማክቤዝ»ን ወደ አማርኛ መልሰውልናል፤ የእርሳቸውን ትርጉም የሚያነሣም ሆነ አዲስ የሚተረጉም ሰው «አንተ» እና «እርስዎ» የሚለዋወጡበትን ቦታ በጥንቃቄ ሊመለከት ይገባል። በሦስተኛው ገቢር መክፈቻ ባንኮ ለብቻው ሆኖ ስለ ማክቤዝ ሲናገር በልቡ «አንተ» ይለዋል፤ ሁሉን አገኘህ፣ ያገኘኸው ግን በእጅጉ በረከሰ መንገድ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ይጠረጥረዋል። ንጉሡ በገባ ጊዜ ግን ወዲያው ወደ «ግርማዊነትዎ» ይዞራል። ጥርጣሬውና ፍርሃቱ በአንድ ተውላጠ ስም ለውጥ ይሰማሉ። ሁሉንም በ«እርስዎ» ያለሰለሰ ትርጉም ይህን ያጠፋዋል።

አልባሳቱን ዘመናዊ ማድረግ በራሱ ስህተት አይደለም። ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1936 በኒውዮርክ ሃርለም፣ በላፋየት ቴአትር፣ ታሪኩን ወደ ሄይቲ ወስዶ በጥቁር ተዋንያን አቅርቦታል፤ አኪራ ኩሮሳዋ በ1957 ወደ ጥንታዊት ጃፓን ወስዶ ፊልም አድርጎታል። ሁለቱም የመረጡት መሐላና መንፈስ የሚከበሩበትን፣ ጌታን መክዳት ከባድ ኃጢአት የሆነበትን ሙሉ ዓለም ነው። ስህተቱ ማክቤዝን የአንድ የታወቀ ፖለቲከኛ ባርኔጣና መነጽር አልብሶ ማቆም ነው። ተመልካቹ ሰውየውን በማወቁ ያጨበጭባል፤ ጥፋቱም የዚያ ሰው ብቻ ስለሚሆን የራሱን ምኞት ሳይመረምር ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ተውኔቱ ከሼክስፒር ትራጀዲዎች ሁሉ አጭሩ ስለሆነ ብዙ መቁረጥ አያስፈልገውም። ትሬቨር ነን እ.ኤ.አ. በ1976 ስትራትፎርድ ላይ በአነስተኛ አዳራሽ ያዘጋጀው ያለ ዕረፍት ነበር። መቁረጥ ግድ ከሆነም ወደ እንግሊዝ የሸሸው የመስፍኑ የማክደፍ ሚስትና ልጅ የሚገደሉበት ትዕይንት መነካት የለበትም፤ ያለ እርሱ በአራተኛው ገቢር መጨረሻ በእንግሊዝ የሚሆነው ነገር መሠረት ያጣል። መርዶውን ይዞ የመጣው ሮስ መጀመሪያ ደኅና ናቸው ብሎ ይሸሽጋል፣ በመጨረሻም ይነግረዋል። ማክደፍ አይጮኽም፤ ባርኔጣውን ወደ ፊቱ ስቦ ዝም ይላል። ይህን የምናውቀው የዳንካን ልጅ ማልኮም ባርኔጣህን አትሳብ፣ ሐዘንህን በቃል አውጣው ስለሚለው ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ ልጆቼም? ሚስቴም? ሁሉም ነው ያልኸው? ጥያቄው ተመላልሶ የሚነሣው መልሱ ጠፍቶት ሳይሆን ልቡ ሊቀበለው ስላልቻለ ነው። ብዙ ተዋንያን እዚህ ላይ ቸኩለው ወደ በቀሉ ይሮጣሉ። አዘጋጁ ሊያደርግ የሚገባው ተዋናዩን ባርኔጣው ሥር ማቆየት ነው፤ አዳራሹ ዝምታው እስኪከብደው ድረስ።