ቤትን ከዕቃ ሲያቀሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሚኒማሊዝም፣ ማለትም ከሚያስፈልግ በላይ ዕቃ ሳያከማቹ መኖር፣ ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ሰው ጠቃሚ ልማድ መሆኑ አያከራክርም። እኔም ከሞከሩት አንዱ ስለሆንኩ በልማዱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ምክሩ የሰሚው ኪስ ምን ያህል እንደሆነ ሳይጠየቅ ለሁሉም በአንድ ዓይነት ቃል መሰጠቱ ላይ ነው፤ ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶችም በአብዛኛው ከዚያ የመነጩ ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት መተውንና ማጣትን አንድ አድርጎ መቁጠር ነው። ከአፕል ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ጆብስ በ1982 እ.ኤ.አ. ባዶ በሚባል ሳሎኑ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ አጠገቡ የቁም መብራትና የሸክላ ማጫወቻ ብቻ ይዞ የተነሣው ፎቶ እስከ ዛሬ የቀላል ኑሮ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። የአፕል አክሲዮን በ1980 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለሕዝብ በቀረበ ጊዜ ግን የዚህ ሰው ሀብት ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ ሶፋ ያልገዛው ገንዘብ አጥሮት አልነበረም። በእኛም ትውፊት አፄ ካሌብ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው በአክሱም አቅራቢያ ባለው የአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መነኑ ሲባል ታሪኩ የሚከብደው ከተተወው ዘውድ የተነሣ ነው። በአንጻሩ ጥቂት ልብሶቿን፣ ነጠላዋንና መታወቂያዋን በአንድ ሻንጣ ይዛ ከአሠሪ ወደ አሠሪ የምትዘዋወር የቤት ሠራተኛ ከየትኛውም ሚኒማሊስት ያነሰ ዕቃ ቢኖራትም፣ አኗኗሯን አርአያ ነው ብሎ ፎቶ የሚያነሣት አይገኝም። የአንዳንዱ ባዶ ሳሎን ሁልጊዜ ተወልውሎ የሚታየውም በእርሷ ጉልበት መሆኑን በዚሁ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የከፋው፣ በሌላ አገር ገበያ የተለካን ደንብ እንዳለ መቀበል ነው። በአሜሪካ ሚኒማሊስቶች ዘንድ የታወቀ አንድ መመዘኛ አለ፤ ምናልባት ያስፈልገኛል ብለው ያስቀመጡትን ዕቃ ከ20 ዶላር ባነሰ ዋጋና ከ20 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መልሰው ማግኘት የሚችሉ ከሆነ አሁኑኑ ያስወግዱት ይላል። ደንቡ ለተነገረበት ቦታ ምክንያታዊ ነው፤ ደመወዙ በዶላር የሆነና ሱቁ በመኪና የአሥር ደቂቃ መንገድ የሆነለት ሰው የገበያውን መደርደሪያ እንደ ራሱ ዕቃ ቤት ሊቆጥረው ይችላል። ወደ እኛ ሲመጣ ግን ሒሳቡ ይፈርሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 20 ዶላር በባንክ ዋጋ 1,140 ብር አካባቢ የነበረ ሲሆን፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ2,000 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን «ሲያስፈልገኝ እገዛዋለሁ» ብሎ ከውጭ የገባ ዕቃውን የሸጠ ሰው የሸጠበትን ይዞ ቢመለስ ያንኑ ዕቃ መልሶ መግዛቱ ያጠራጥር ነበር። ገንዘብ ዋጋው በሚወርድበት አገር ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ብርድ ልብስና ያልተከፈተ ካርቶን ለብዙ ቤተሰብ የቁጠባ ደብተር ማለት ነው፤ የሚያስቀምጠው ሰው ሁሉ ስግብግብ አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው ስህተት በሌላው ቤት መጨናነቅ ላይ መፍረድ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በረንዳው ላይ ስድስት ጀሪካንና አንድ በርሜል የደረደረ ቤተሰብ ሥርዓት ጎድሎት አይደለም፤ ጣሪያው ላይ ሮቶ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ፓምፕ ያለው ሰው ጀሪካን አያስፈልገውም፣ በረንዳውንም በአበባ ያስጌጣል። እኔ ይህን የተማርኩት በሐፍረት ነው። ሁለት ትርፍ ፍራሽና ያረጁ ብርድ ልብሶችን «ቦታ ያዙ» ብዬ በሰጠሁ በሦስተኛው ወር አክስቴ ለሕክምና ከደብረ ብርሃን መጡ። ስድስት ሳምንት የተኙት ከታች ፎቅ ከሚኖሩት እናት በተዋስኩት ፍራሽ ላይ ነበር። የእኚህ እናት ቤት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሞላ ስለሆነ ከዚያ በፊት በልቤ ስታዘባቸው ኖሬአለሁ። ፍራሹን ከአልጋ ሥር እየሳቡ «ለእንግዳ ነው የተቀመጠው፤ ያንተም እንግዳ እንግዳ ነው» አሉኝ። የእኔ ቤት ሰፊ መስሎ የኖረው የእሳቸው ቤት ስለጠበበ ነበር።

አራተኛውን ባጭሩ ላንሣው፤ ባዶነትን በገንዘብ መግዛት ነው። የእናትን ቡፌ ለቁራሌው በርካሽ አስረክቦ በምትኩ ቀጭን እግር ያለው ነጭ ጠረጴዛ በውድ ዋጋ የሚያስገባ ሰው ዕቃ አልቀነሰም፣ ለወጠ እንጂ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርዶ ሌላው የጣለው ቆርቆሮና በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ሲሆን ያየ ሰው «መጣል» የሚለውን ቃል ሲጠቀም ትንሽ ይጠነቀቃል ብዬ አምናለሁ።

የመጨረሻው ስህተት ዕቃ መቀነስን የግል ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማሰብ ነው። ዕድር ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ትልልቅ ብረት ድስቱንና ሳህኑን በጋራ ገዝቶ በአንድ መጋዘን የሚያኖረው እያንዳንዱ ቤተሰብ ለኀዘን ቀን ብሎ መቶ ሳህን እንዳያከማች ነው፤ እኔ የማውቀው፣ ድሃውንም የማያገል የዕቃ ቅነሳ ይህ ነው። የሚገርመው፣ ኑሯቸውን «ሲያቀሉ» ከቲቪው ማስቀመጫ ቀጥለው የሚሰርዙት የዕድር አባልነታቸውን የሆኑ ሰዎች መኖራቸው ነው፤ ስብሰባው ጊዜ ይወስዳል፣ መዋጮውም ይሰለቻል ይላሉ። በእኔ ቤት ያሉት ወንበሮች አራት ናቸው። ሌሎቹ አግዳሚዎች በሰፈራችን ዕድር መጋዘን ተደርድረዋል፣ ቁልፉ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ዘንድ ነው፤ እሳቸውም መጋዘኑን ከመክፈታቸው በፊት የመዋጮውን መዝገብ ገልጠው ስሜን ይፈልጋሉ።