በፍለጋ የሚገኝ፣ ከማስታወቂያም ገቢ የሚያመጣ ብሎግ ከጅማ እንዴት ይጀመራል?

ባለፈው ጥቅምት ሂርማታ አካባቢ ቡና እየጠጣሁ ሳለ፣ አጠገቤ የተቀመጠ እንግዳ ስልኩን አውጥቶ ጉግል ላይ «የአባጅፋር ቤተመንግስት መግቢያ ሰዓት» ብሎ ጻፈ። የመጣለት አንድ የቆየ ዜና፣ አንድ የእንግሊዝኛ የጉዞ ገጽና ስለ ሰዓቱ ምንም የማይል ቪዲዮ ነበር። ስልኩን አስቀመጠና ቡና የምትቀዳውን ልጅ ጠየቃት፤ ነገረችው። ቤተ መንግሥቱ ያለባት ጅሬን ከመሃል ከተማው ብትርቅ ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መልሱን የሚያውቅ ሰው ጅማ ውስጥ ሞልቷል፤ ጠያቂው በሚጽፈው ቃል ጽፎ ያስቀመጠው ግን አልተገኘም።

ለዚህ ነው ብሎግ እንዲከፍቱ የምመክረው። ፌስቡክ ላይ የጻፉት በሦስተኛው ቀን ከሥር ይቀበራል። ቴሌግራም ላይ የለጠፉትን ደግሞ የሚያየው አስቀድሞ ቻናሉን የሚያውቅ ሰው ነው። በራሱ ገጽ ላይ የተቀመጠ ጽሑፍ ግን ከሁለት ዓመት በኋላም የማያውቁት ሰው ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ይጠብቀዋል። ማስታወቂያውም የሚከተለው ይህንኑ ጠያቂ ነው።

መጀመሪያ፦ ስለ ምን እንደሚጽፉ ይወስኑ

«ስለ ሁሉም ነገር» የሚል ብሎግ ስለ ምንም አይሆንም። አንድ ወረቀት ይያዙና በሥራዎ ወይም በሰፈርዎ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁዎትን ሃያ ጥያቄ ይጻፉ። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ቤት የሚያከራይ ሰው አዲስ ተማሪ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል። በርጩማ የሚሠራ ሰው ባለሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ እንደሚፈለፈልና ለምን በቶሎ እንደማይሰነጠቅ ማስረዳት ይችላል።

ቡናን እንውሰድ። ከመልኮው የግብርና ምርምር ማዕከል ከወጡት የቡና ዝርያዎች መካከል 74110 እና 74112 የሚባሉት በገበሬውም በነጋዴውም አፍ ላይ ናቸው። «ቁጥሩ ምን ማለት ነው?» የሚል ሰው ግን ብዙ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዝርያው የተመረጠበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታሉ። ወቅቱ ፍሬ የሚያበሰብሰው የቡና በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ከታየ ጥቂት ዓመታት ብቻ የተቆጠሩበት ነበር፤ ምርጫውም በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ ለማግኘት የተደረገ ነው። ይህን በአንድ ገጽ በቀላል አማርኛ ያብራራ ሰው ለብዙ ዓመት አንባቢ አያጣም። ከሃያው ጥያቄ ውስጥ ከሌላ ሰው በተሻለ የሚመልሷቸውን አሥሩን ያስቀሩ፤ የመጀመሪያዎቹ አሥር ጽሑፎችዎ እነዚህ ናቸው።

ሁለተኛ፦ ብሎጉን ይክፈቱ

ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። የጂሜይል አድራሻ ካለዎት ብሎገር በሚባለው የጉግል የብሎግ መክፈቻ ላይ በነጻ ይከፍታሉ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ዎርድፕረስ የበለጠ ነጻነት ይሰጣል፤ ነገር ግን በራስዎ ስም ለማስተዳደር ከፈለጉ ለማስቀመጫ ቦታ በየዓመቱ መክፈል አለብዎት። ጀማሪ ከሆኑ በብሎገር ይጀምሩ። የብሎጉን አድራሻ አጭርና በላቲን ፊደል ሲጻፍ የማያሳስት አድርገው ይምረጡ፤ በኋላ ቢለውጡት እስከዚያ የተሰበሰቡት ማስፈንጠሪያዎች (ሊንኮች) ሁሉ ይቋረጣሉ።

ሦስተኛ፦ የፍለጋ ሞተር እንዴት እንደሚያነብዎት ይረዱ

ሰው ጉግል ላይ ሲጠይቅ ኢንተርኔቱ ሁሉ በዚያች ቅጽበት የሚታሰስ ይመስለዋል። አይደለም። ጎብኚ ፕሮግራሞች አስቀድመው ከማስፈንጠሪያ ወደ ማስፈንጠሪያ እየተሻገሩ ገጾችን ያነባሉ፤ ያነበቡትንም በመጽሐፍ ጀርባ እንዳለው የቃላት ማውጫ ባለ ትልቅ መዝገብ ውስጥ ያስገባሉ። ጥያቄው ሲመጣ የሚገለጠው ይህ መዝገብ ነው። እዚያ ውስጥ ያልገባ ገጽ፣ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ለፈላጊው የለም።

ከዚያ የሚቀረው የቅደም ተከተሉ ጉዳይ ነው። ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ ያፈለቁትና እ.ኤ.አ. በ1998 ጉግልን ያቋቋሙበት ሐሳብ፣ አንድ ገጽ ወደ ሌላው ሲያመለክት እንደ ምስክርነት ይቆጠር የሚል ነበር። ምስክርነቱ የሚመዘነው ደግሞ መስካሪው ራሱ ስንት ሰው እንደሚመሰክርለት ታይቶ ነው። በሽምግልና ላይ የተከበረ ሰው ቃል ከመንገደኛ ቃል እንደሚበልጠው ማለት ነው። ዛሬ የሚታዩት መመዘኛዎች ብዙ ቢሆኑም ይህ አልተሻረም። ስለዚህ ስለ ጅሬን የጻፉትን የከተማው አስጎብኚ ወይም ሆቴል በገጹ ላይ እንዲጠቁምልዎ ይጠይቁ። ማስፈንጠሪያ በገንዘብ እንሽጥልዎ የሚሉዎትን ግን ይራቁ፤ የፍለጋ ሞተሮቹ ሲደርሱበት ገጽዎን ወደ ታች ያወርዱታል።

አራተኛ፦ ጠያቂው የሚጽፍበትን አጻጻፍ ያግኙ

ብዙ የአማርኛ ጸሐፊ የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ያ እንግዳ «አባጅፋር» ብሎ አጣምሮ፣ «ቤተመንግስት» ብሎ በእሳቱ ሰ ጻፈ። እኔ ብጽፈው «አባ ጅፋር» እና «ቤተ መንግሥት» እላለሁ። ሌላው «አባ ጂፋር» ይላል። የከተማዋ ስም ራሱ «ጅማ» እና «ጂማ» እየተባለ ይጻፋል። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሰ እና ሠ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ጸ እና ፀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የፍለጋ ሞተሩ አንዳንዴ ተቀራራቢዎቹን ያገናኛል፤ እሱን ተማምኖ መቀመጥ ግን አይገባም።

ሙከራው ቀላል ነው። በስልክዎ አሳሽ ላይ የግል መስኮት ይክፈቱ፤ ያለፈው ፍለጋዎ ውጤቱን እንዳያዛባው ነው። ጉግል ላይ «ጅማ» ብለው ይጻፉና አንድ ክፍት ቦታ ትተው ይጠብቁ፤ ከሥር የሚዘረዘሩት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚፈልጓቸው ናቸው። ያንኑ በ«ጂማ» ይድገሙት። ቀጥሎም የጽሑፍዎን ዋና ቃል በሁለት ሦስት አጻጻፍ እየፈለጉ የሚመጡትን ገጾች ያወዳድሩ። ልዩነቱን በዓይንዎ ያዩታል።

ካዩ በኋላ በርዕሱ ላይ የሚያምኑበትን ትክክለኛ አጻጻፍ ያስቀምጡ። ሁለተኛውን የተለመደ አጻጻፍ በጽሑፉ ውስጥ በአንድ ተፈጥሯዊ ቦታ፣ ለምሳሌ በፎቶ መግለጫ ላይ፣ ይጠቀሙበት። አምስቱን አጻጻፍ በአንድ መስመር መደርደር ግን አንባቢን ያስቀይማል፤ የፍለጋ ሞተሩም እንደ ማጭበርበር ያየዋል። ጅማ ላይ ደግሞ ከጠያቂው ብዙው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ እንደሚፈልግ አይርሱ። ሁለቱን ቋንቋ ከቻሉ ለእያንዳንዳቸው የተለየ ገጽ ይሥሩ እንጂ በአንድ ገጽ አይደባልቁ።

አምስተኛ፦ ገጹን ይጻፉ

መልሱን ከላይ ያድርጉት። ስለ ቤተ መንግሥቱ የሚጽፉ ከሆነ የመግቢያው ሰዓት፣ ክፍያውና መጓጓዣው በመጀመሪያዎቹ አራት መስመሮች ይለቁ፤ የዳግማዊ አባ ጅፋር ታሪክ ከዚያ በኋላ ይምጣ። የቸኮለው አንባቢ ያመሰግንዎታል፤ ያልቸኮለው እስከ መጨረሻው ያነባል።

ጽሑፉን በፎቶ አይለጥፉ። እዚህ አገር ማስታወቂያም መመሪያም ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ፎቶ ሆኖ ይዞራል፤ በሥዕል ውስጥ ያለው ፊደል ለፍለጋ የሚተማመኑበት ጽሑፍ አይደለም። በኮምፒውተር የሚጽፉ ከሆነም በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት ቁጥር በሚያውቁበት ሥርዓት፣ መሆኑን ያረጋግጡ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ሰነድ ቀድተው ቢለጥፉት ገጹ ላይ የሚወጣው ትርጉም የለሽ ምልክት ነው።

ብሎገር ላይ ደግሞ አንዲት የምትረሳ ነገር አለች። ርዕሱ በአማርኛ ሲሆን ፕሮግራሙ ለገጹ የሚሰጠው አድራሻ ስለ ይዘቱ ምንም የማይናገር ስም ነው። ከማሳተምዎ በፊት በጽሑፉ ቅንብር ውስጥ ገብተው ቋሚ አድራሻውን በላቲን ፊደል ራስዎ ይጻፉት፤ ሁለት ወይም ሦስት ቃል፣ በሰረዝ ተያይዞ። ከታተመ በኋላ መለወጥ ጣጣ ነው። ፎቶዎቹንም ሳይጭኑ በፊት መጠናቸውን ይቀንሱ፤ አንባቢዎ ገጹን የሚከፍተው በስልክ፣ በገዛው የዳታ ጥቅል ነው።

ስድስተኛ፦ ገጹን ያስመዝግቡ

ጉግል ሰርች ኮንሶል የሚባል ነጻ መሣሪያ አለው። ብሎግዎን እዚያ ያስገቡ፤ የገጾችዎን ዝርዝር የያዘውን የሳይትማፕ ፋይል ብሎገር በራሱ ስለሚያዘጋጅ የእርስዎ ሥራ አድራሻውን መስጠት ብቻ ነው። አዲስ ገጽ መዝገቡ ውስጥ እስኪገባ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። ይታገሡ፤ በየቀኑ ደጋግሞ ማመልከት አያፈጥነውም።

ሰባተኛ፦ ማስታወቂያ

ማስታወቂያ ወደ ትንሽ ጸሐፊ ቤት የገባበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1994 የመጀመሪያዎቹ የድረ ገጽ ማስታወቂያዎች እንደ ጋዜጣ ሰሌዳ ይሸጡ ነበር፤ ገዢው ትልቅ ድርጅት፣ ሻጩም ትልቅ ገጽ። በ1998 ጎቱ የተባለ የፍለጋ ድርጅት አስተዋዋቂው የሚከፍለው ሰው ማስታወቂያውን ሲጫን ብቻ እንዲሆን አደረገ፤ ጉግልም በ2000 የራሱን የማስታወቂያ አገልግሎት ከፈተ። የ2003 የመጀመሪያ አጋማሽ ደግሞ የተለየ ነው። በየካቲት ወር ጉግል ብሎገርን ገዛ፣ በግንቦት ዎርድፕረስ ወጣ፣ በሰኔ ደግሞ በሌሎች ሰዎች ገጽ ላይ ማስታወቂያ አስቀምጦ ገቢውን የሚያካፍለው የጉግል አገልግሎት አድሴንስ ተጀመረ። መጻፊያው በነጻ፣ ገቢውም ያለ ደላላ በአንድ ዓመት ሲገናኙ የብሎግ ዓለም ተስፋፋ።

አድሴንስ የሚሠራው በጨረታ ነው። አንባቢ ገጽዎን በከፈተ ቁጥር ያንን ቦታ የሚፈልጉ አስተዋዋቂዎች በቅጽበት ይጫረታሉ። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮም ክፍያው የሚሰላው በጠቅታ ሳይሆን ማስታወቂያው በታየበት መጠን ነው። ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚጫረተው አስተዋዋቂ ጥቂት ከሆነ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ይህን አስቀድመው ይወቁ። ከማመልከትዎ በፊት አድሴንስ የሚቀበላቸውን ቋንቋዎች ዝርዝር በእርዳታ ገጹ ላይ ይመልከቱ። ከተፈቀደልዎ በኋላ የራስዎን ማስታወቂያ አይጫኑ፤ ጓደኛም እንዲጫንልዎ አይጠይቁ። ሒሳብ የሚዘጋው በዚህ ነው።

ሒሳብዎ ላይ 10 ዶላር ሲሞላ አድራሻዎን የሚያረጋግጥ ቁጥር በፖስታ ይላካል፤ ክፍያው የሚለቀቀው 100 ዶላር ሲደርስ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ አልደረሰኝም ነበር፤ ቀበሌና የቤት ቁጥር ጽፌ የፖስታ ሣጥን ቁጥር አልጻፍኩም። የራስዎ ሣጥን ከሌለዎት የመሥሪያ ቤትዎን ወይም የዘመድዎን በፈቃዳቸው ይጠቀሙ። ስምዎም በመታወቂያው፣ በባንክ ደብተሩና በአድሴንስ ላይ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ይሁን፤ «መሐመድ» የሚለውን ስም ብቻ በስንት ዓይነት እንደምንጽፈው ያስቡት።

እኔ ግን ጅማ ላለ ሰው ይበልጥ የማምነው ቀጥታ ማስታወቂያን ነው። ጅሬን የሚወጣ እንግዳ ማደሪያ ይፈልጋል፤ ቡና የሚገዛ ሰው ቆሎና ማር አብሮ ይጠይቃል። ገጽዎ በወር ከጉግል ፍለጋ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ከሰርች ኮንሶል አውጥተው፣ አትመው፣ ለሆቴሉ ወይም ለበርጩማ ሠሪው በእጅዎ ያሳዩት። ለስንት ወር፣ በየትኛው ገጽ ላይ፣ በስንት ብር እንደሆነ በአንድ ወረቀት ይፈራረሙ፤ ክፍያውን በቴሌብር ይቀበሉ። ቦታው ላይ «ማስታወቂያ» ብለው በግልጽ ይጻፉ፤ ወደ ገዢው የሚወስደው ማስፈንጠሪያም የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳውቀውን «ስፖንሰርድ» የሚል ምልክት በኮዱ ውስጥ ይያዝ። የማያውቁትን ሆቴል «ምርጥ ነው» ብለው በራስዎ ቃል አይመስክሩ፤ አንባቢዎ በማይመች አልጋ ላይ አድሮ ሲያዝን የሚያስታውሰው የእርስዎን ስም ነው።

ስምንተኛ፦ ከሦስት ወር በኋላ

ሰርች ኮንሶል ውስጥ ሰዎች በምን ቃል ፈልገው ገጽዎ እንደታያቸው የሚዘረዝር ሰንጠረዥ አለ። ብዙ ጊዜ ታይቶ ጥቂት ሰው የተጫነውን ጥያቄ ይፈልጉ፤ እዚያ ላይ መልሱ አለዎት፣ ርዕሱ ግን አልጠራም ማለት ነው። ርዕሱን በጠያቂው ቃል ያድሱት። ያላሰቡት ጥያቄ ካገኙ ለእሱ አዲስ ገጽ ይጻፉ፤ የእኔ ምርጥ ጽሑፎች ግማሹ የመጡት ከዚህ ሰንጠረዥ ነው።

የቤተ መንግሥቱ የመግቢያ ሰዓት ሲለወጥ ሌላ ገጽ አይክፈቱ። ጅሬን ወጥተው በር ላይ ያለውን ጠባቂ ይጠይቁ፣ የቀድሞውን ገጽ ያርሙ፣ ከሥሩም ያረጋገጡበትን ቀን ይጻፉ።